ደረቅ ወደብ

ባሕር ሳያይ ወደብ የሆነ ከተማ፣
የመርከብ ጡሩንባ አንድም ቀን ያልሰማ፣
ኮምቦልቻ ነው ቤቴ።
ከመስኮቴ ማዶ ክሬኑ እየጮኸ
ኮንቴይነር ያነሣል፣ ኮንቴይነር ያወርዳል፤
ቀዩ በሰማያዊው ትከሻ ላይ ያድራል።

የኔም ጠረጴዛ የራሱ ወደብ ነው።
በአሮጌው ላፕቶፕ ሆድ
አንድ ኮንቴይነር አለኝ፣ ክብደትም ቀለምም የሌለው፤
ውስጡ ዳታቤዝ ተኝቷል።
በሩ ቁጥር አለው፦ አምስት ሺህ አራት መቶ ሠላሳ ሁለት።
አንኳኩቼ እገባለሁ፤ ከኔ በቀር ለማንም አይከፈት።

ሥራዬ ደሴ ላይ ላለ የመድኃኒት መጋዘን
ገቢና ወጪውን የሚይዝ መዝገብ ነው።
እውነተኛውን ገና አልነካሁትም፤
እዚህ ሣጥን ውስጥ የሚኖረው
ለሙከራ ብዬ የፈጠርኩት ሕዝብ ነው፦
ጦይባ የሰኞ ገበያዋ፣ ሁለት ጠርሙስ ሽሮፕ፣
መምሬ እንግዳሸት፣ የደም ግፊት ክኒን፣
አሕመዲን ከሆጤ፣ የስኳር መርፌውን በዱቤ።
አምስት መቶ ሰው። አንዱንም አላውቀው፤
የሁሉንም ሕመም ግን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ያን ማክሰኞ መብራት ጠፋ።
ባትሪው ካረጀ ቆይቷል፤ ላፕቶፑም አብሮ ጠፋ።
ሲመለስ ኮንቴይነሩ አልነሣ አለኝ፤ ቸኮልኩና
አጥፍቼው ሌላ አስነሣሁ፣ በዚያው ስም፣ በዚያው በር፣ እንደገና።
ተነሣ። ጤነኛ ነው። አንኳኳሁ፤ ተከፈተ።
ሰው የለም።
ጦይባ የለችም። መምሬም የሉም።
ዜሮ መስመር፣ አለኝ።
ወለሉ ታጥቦ፣
ተከራይ የለቀቀው ቤት መስሎ።

አባቴ ይማም በዚያው ምሽት ከጅቡቲ ገባ፣
ጭነቱን አራግፎ፣
የሚሌ አቧራ ቅንድቡ ላይ እንዳለ፣
"ምን ሆነሽ ነው?" አለ።
ነገርኩት፣ እንደምንም፣ በሱ ቋንቋ፦
"ኮንቴይነሬን ባዶ አገኘሁት፣ አባ።"
ሳቀ። "ታዲያ ምን ነበር የጠበቅሽው?
ሃያ ሁለት ዓመት ነዳሁ፤
ኮንቴይነር ሁሌ ባዶውን ነው የሚመለሰው።
ዕቃ ያሳልፉበታል እንጂ አያኖሩበትም፤
ንብረት የሚኖረው መጋዘን ነው። ሣጥኑማ መንገደኛ፣
ዛሬ እኔ ጋ፣ ነገ ማን ጋ እንደሚያድር አላውቅም።"

እሱ ተኛ። እኔ አልተኛሁም።
ፋይሉ ላይ አንዲት መስመር ጨመርኩ፤
ከሣጥኑ ውጭ፣ ከዲስኩ ላይ፣ ትንሽ መጋዘን ቆረስኩ።
ቮልዩም ይሉታል፤
እኔ "ይማም" ብዬ ስም አወጣሁለት።
ከዚያ አምስት መቶውን ሰው ዳግም ወለድኩ፣
ጦይባን ከነሽሮፗ፣ መምሬን ከነክኒናቸው፤
ለአሕመዲን ግን ዕዳውን ሰረዝኩለት።

ሊነጋጋ ሲል ኮንቴይነሩን ሆን ብዬ ገደልኩት።
አዲስ አስነሣሁ። በሩን አንኳኳሁ።
"ስንት ናችሁ?" አልኩ።
አምስት መቶ፣ አለኝ።

ውጭ ክሬኑ ገና አልነቃም።
የአባቴ መኪና ባዶ ሣጥኑን ተሸክሞ
ወደ ባቲ መንገድ ሲታጠፍ ሰማሁት፤
ብረቱ በየጉድጓዱ ይንኳኳል፣
ባዶ ነገር እንደሚጮኸው፣
ሳይከፋው።