ሠላሳ አንድ ጥርስ

ኪሩቤል ቦኔቱን ከፍቶ ሲያሳያቸው
ሊስትሮው፣ ረዳቱ፣ ጥበቃው፣ ሁላቸው
አንገታቸው ሰግጎ፣ አፋቸው ተከፍቶ
«ቪ ስምንት!» ይላሉ፣ «ድምፁ ደረት መትቶ!»
ማንም ጎንበስ ብሎ ከኋላ አላየም
(እኔም አላየሁም፤ ልዋሽ አልፈልግም)።

መኪናው ሙስታንግ ነው፤ ያጎቱ ውርስ፣ ቀይ፤
በነሱ ስልሳ ዘጠኝ፣ በኛ ስልሳ አንድ ላይ
ተሠርቶ፣ ተጭኖ፣ ባሕር አቋርጦ
ራስ መኰንን ድልድይ ቆርቆሮ ሥር ተቀምጦ
ዝገት ሲጠጣ የኖረ።
ሞተሩን ለወጠ፤ ወፈር ያለ አመጣ፣
ጉልበቱ እጥፍ የሆነ። ያለው ገንዘብ ወጣ፤
የተረፈው ለቀለም፣ ለጎማ፣ ለወንበር።
ለኋላው ምን ቀረ? ዘይት መቀየር ነበር።
እሱንም ረሳው።

ጋሽ ነስሩ ግን ዝም።
ከመኪናው ሆድ ሥር በጀርባው ተኝቶ
ድስት የሚያክለውን ዲፈረንሻል ነክቶ
የታመመ ሰው ሆድ እንደሚዳብስ ሰው
ወጥቶ ጠየቀው፦ «ስንት ጥርስ ነው ያለው?»
«የቱ?»
«ሴሚያሱ ነዋ፣ የኔ ልጅ!
ከዲፈረንሻሉ ጉልበት ተቀብሎ
ለጎማ የሚያደርስ፣ ጨለማ ውስጥ ውሎ።»
«ሃያ ስምንት መሰለኝ።»
«የልጅ አፍ ነው በለኛ! ለዱሮው ሞተርህ ይበቃ ነበር፤
ለዚህ ጎረምሳ ግን ሠላሳ አንድ ነው እሚያዋጣህ።
ልክ እንደኔ»፣ ብሎ ሳቀ።
አንዱን መንጋጋ ያወለቀው የተንሸራተተ ክሪክ ነው፣ በልጅነቱ።
የቀሩትን በምላሱ ሲቆጥር አየሁት።

እሑድ ማለዳ፣ ቸርችል ጎዳና ባዶ ነው።
ሁለት ነጠላ ለባሾች ከቅዳሴ ይመለሳሉ፣
አንድ ሚኒባስ ከኋላችን ያዛጋል።
ፖስታ ቤቱ ጋ ቆምን፤ መብራቱ ቀይ፤
እኔ ከጎኑ ነኝ፣ መፍቻዬ ጭኔ ላይ።
ከፊታችን ዳገት፣ እስከ ማዘጋጃ።

አረንጓዴ።
ረገጠው።
አፍንጫው ሰማይ አየ፣
ጅራቱ እንደ ውሻ አስፋልት ላይ ቁጢጥ አለ፤
ከዚያ

ቷ!

ብረት አይመስልም፣ አጥንት ነው ድምፁ።
ሞተሩ ያጓራል፤ ጎማው አይሰማም።
ንጉሡ ከላይ አዋጅ ይናገራል፣
መልእክተኛው መንገድ ላይ ሞቷል።
የሚኒባሱ ረዳት አንገቱን አውጥቶ
«ወራጅ አለ!» አለን።
መግፋት እንኳ አላስፈለገም፤
ቸርችል ራሱ ወሰደን፣ ቁልቁል፣ ወደ ኋላ፣
ኪሩቤል ፍሬን እየያዘ፣ ማንንም ሳያይ።

ሰኞ ስብራቱን አውጥተን በናፍጣ አጠብኩት።
ጥርሶቹ ቀጥ ብለው መውረድ ነበረባቸው፤
እንደ ሹሩባ ተጠማዘው አገኘኋቸው።
«አየሽ፣» አለኝ ጋሽ ነስሩ፣ «እሑድ አይደለም የተሰበረው።
በየመብራቱ፣ በየዳገቱ፣ ትንሽ ትንሽ ሲዞር ነው የከረመው።
ብረት አይዋሽም። ጠያቂ ነው ያጣው።»

ሦስት ቀን ሶማሌ ተራን አስሰን
ከፎርድ ጭነት የወጣ ባለ ሠላሳ አንድ አገኘን፤
አንድ ስንዝር ይረዝማል።
«ይቆረጥና ጥርሱ እንደገና ይወጣለታል፣» አለ ባለ ቶርኖው።
«የሚገባበት ጥርስም አብሮ ይለወጥ፣
አለዚያ ትልቅ እግር በትንሽ ጫማ ነው፣» አለ ጋሽ ነስሩ፤
ቀጥሎም ለራሱ፦ «ለብረት ሲሆን ይበቅላል።»
ኪሩቤል አዲሱን የቆዳ ወንበር ሸጠ፤
ዛሬ ሽቦው የሚወጋው አሮጌው ላይ ተቀምጦ ይነዳል።
ቦኔቱን ለማንም አይከፍትም።

ስብራቱ ከጋራዡ ባሕር ዛፍ ላይ ተንጠልጥሏል።
ስድስት ሰዓት ሲሆን በመዶሻ የምመታው እኔ ነኝ፤
ለምሳ። እስከ ድልድዩ ይሰማል ይላሉ።
ንዝረቱ እስኪበርድ ጫፉን ይዤ ጥርሶቹን እቆጥራለሁ፤
ጥምዝማዙ ላይ ስደርስ፣
ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት፣
ይጠፋብኛል።