ወደ ግራ የሚገለጥ ገጽ

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ ከላውንደሪው በላይ፣
ስድስት አልጋ አለ፤ የኔ ከመስኮቱ ዳር፣ የኤሲው ባልዲ ያለበት ላይ።
ቀን ካንዱራ ስተኩስ በእንፋሎት የላላ
ጣቴ፣ ማታ ሲሆን ጣት ይሆናል ሌላ፤
አሮጌ ላፕቶፕ ላይ፣ አንዱ ቁልፍ በወለቀበት፣
መተግበሪያ እስላለሁ፣ ሰው በስልኩ ሐዋላ የሚልክበት።

ሣጥን እስላለሁ፤ ሣጥኑ ስክሪን ነው፤
ከሣጥኑ ጫፍ ላይ ትንሽ ክብ አለችው፤
ክቧን ይዤ ስጎትት ቀስት ይመዘዛል፣
ከቁልፉ ተነሥቶ ቀጣዩ ስክሪን ላይ ይያዛል።
«ሲነካ» ይላል መስኮቱ፣ «ወዴት ይሂድ?
እንዴት ይሂድ?
በስንት ጊዜ ይሂድ?»
ሦስት ጥያቄ። ኤጀንሲው አንዱንም አልጠየቀም፣ እኔን ሲሰድ።

ስሙን ባማርኛ ልጽፍ «ሽግግር» አልኩና
ብቻዬን ሳቅኩ ገና።
በኛ አገር ይኸ ቃል ዓመታት የሚበላ፣
መግለጫ፣ ኮሚቴ፣ ቻርተር የሚያስከትል፣ ደግሞም ሌላ ሌላ፤
እዚህ ግን ሦስት መቶ ሚሊሰከንድ፣
ዓይን እስኪርገበገብ፣ አንድ።

መጀመሪያ ምንም አላደረግኩበት፤
ስክሪኑ እንዲዘል ብቻ ተውኩት።
ሉባባን ቀሰቀስኳት። ትምህርት ቤት ታጸዳለች፣
አሥር ሰዓት ተኩል ላይ አውቶቡስ ትይዛለች፤
«እስኪ ለናትሽ ላኪ፣ የውሸት ብር ነው» አልኳት፤
ነካችው። ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ተለወጠ። ላብ ላብ አላት።
«ብሬስ? አሁን እዚህ የነበረው?
ምን ነካሁ? ማን ወሰደው?»
«ደርሷል እኮ» ስላት፣ «በየት በኩል?» ብላ አፈጠጠችብኝ፣
«ሲሄድ መች አየሁት? ዓይኔ እያለ አታሞኚኝ!»

እውነቷን ነው። የኔም አመጣጥ ያው ነው፤
የአውሮፕላኑ በር ተከፍቶ ወበቁ ፊቴን ሲመታው፣
ከኋላዬ ያለው ስክሪን ጠፍቶ ነበር፣
ሳይደበዝዝ፣ ሳይንሸራተት፣ ሳይል ዳር ዳር።

እናም ስላይድ ጨመርኩ። አዲሱ ከቀኝ ይመጣል፣
አሮጌው እየተገፋ በግራ ይወጣል።
ፊደል ከግራ ይነሣ የለ? ነገም ያለው በቀኝ ነው፣
ትናንት በግራ ጠርዝ ይሾልካል፤ የማውቀው ይኸን ነው።
ሉባባ ግን ጣቷን በተቃራኒው ጎተተች፤
ገጹ እንቢ አለ። ደግማ ሞከረች፤
«ተበላሽቷል» አለች።

ከሚሴ ነው ያደገችው፤ የተማሪ ቤት ደጃፍ አልረገጠችም፣
ሉህ ይዛ ግን ቁርኣን ቀርታለች፤ ዓይኗ ከቀኝ መነሣቱን አልረሳችም።
ለሷ ያለፈው በቀኝ ነው የሚቀረው፣
በግራ ነው ገና ያልተገለጠው።

አልጋዬ ላይ ዝም ብዬ ቆየሁ።
የሰው ነገ በየት በኩል እንደሆነ ሳልጠይቅ ስንት ገጽ ሠራሁ?
ቀስቱን ሁሉ አዞርኩት፤ አርባ አንድ ነበር፣ አንድ ባንድ፣
ባልዲው እስኪሞላ፣ የፈጅር አዛን እስኪሰማ ከወዲያኛው መንገድ።

እንደገና ነካችው። «አዎ» አለች። ቀጥላ ግን፦ «ለምን ይቸኩላል?
ወር ሙሉ መጥረጊያ ይዤ ያጠራቀምኩት እንዲህ ባንዴ እልም ይላል?»
በቪዲዮ የሚያስተምረው ሰውዬ ብሏል፦ ከግማሽ ሰከንድ አይለፍ፤
ሰው ይሰለቻል፣ ትቶሽ ይሄዳል ሌላ ደጃፍ።
ሕጉ ገብቶኛል። ግን ሕጉን ያወጣው፣
ሰባት መቶ ድርሃም መላክ ምን እንደሆነ ማን ነገረው?

ቁጥሩን አጠፋሁና ሁለት ሺህ ጻፍኩ።
ለዚች ለአንዲት ቀስት ብቻ። አርባዎቹ እንደፈለጉ ይብረሩ ብዬ ተውኩ።
መጨረሻው ላይ እንዲያዘግም አለዘብኩት ደግሞ፣
ሸኚዎቹን ዞሮ እንደሚያይ መንገደኛ፣ ጥግ ላይ ቆሞ።

ሉባባ ጫማዋን እያሰረች፣ ስልኩ ጉልበቷ ላይ፣
ነካችው፣ ልታይ።
ብሩ ተነሣ፤ ቀስ እያለ ሄደ፣ ሄደ፤
ጠርዙ ጋ ግማሹ ታየ፣ ከዚያ ሩቡ፣ ከዚያ ነጎደ።
ጠርዙን አየች፤ ቀጥላም ከጠርዙ ወዲያ ያለውን ግድግዳውን፤
«አሁን ሄደ» አለች። «አየሁት።» አነሣች ቦርሳዋን።
የተኙት እንዳይነቁ በሩን ስትስበው፣
መጨረሻው ላይ አዘገመ። ሁለት ሰከንድ ነው።