የተከፈለ ፍርድ

ሁለቱ ለኔ አሉ፣ አንዱ ለሩፊኖ፤
እጄ ከፍ አለ፣ የኔ እንዳልሆነ ሆኖ።
ቀበቶ አስታጠቁኝ፤ ከበደኝ ወገቤ፤
ጠርሙስ ወደቀ፣ ወንበር፣ ከአጠገቤ፤
አንዲት ሳንቲም መጥታ ግንባሬን አገኘች፣
ሩፊኖ የከፈተው ቁስል ላይ ተኛች።

እሱ ግን አልጮኸም። ክሩን በጥርሱ ይዞ
ጓንቱን ፈትቶ ጣለ፣ ትከሻው ፈዝዞ፤
በገመዱ ሾልኮ ወጣ በዚያ በኩል፣
አውቶቡስ እንዳያመልጠው እንደሚቸኩል።

ጋዜጠኞች መጡ። “ምን ተሰማህ?” አሉኝ።
“ደስታ” አልኳቸው ቶሎ፤ መብራት አበሩብኝ።

ኤቫሪስቶ ብቻ፣ በረዶ እያሸኝ
ከጎድኔ በታች፣ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ፤
“ሰባተኛው ዙር ላይ የት ነበርክ፣ ልጄ?”
“መሬት ላይ” አልኩት፣ “በጉልበቴና በእጄ።”
“ዳኛውስ ምን አለ?” “አንሸራትቶት ነው።”
ሳቅን ሁለታችን፤ ያመመው እኔን ነው።

ሌሊቱን በጣቴ ዙር በዙር ቆጠርኩኝ፤
አምስት ለኔ ወጣ። ለራሴ አዳላሁኝ።
ደግሜ ስቆጥረው ወረደ ወደ አራት፤
ቆጠራውን ትቼ አጠፋሁት መብራት።

በነጋታው ጋዜጣ በትልቁ ጻፈ፤
“የተከፈለ ፍርድ።” ዓይኔ እዚያ ላይ አረፈ።
ለስንት ተከፈለ? በስንት? በማን እጅ?
እኔ ከቡጢ በቀር የማውቀው የለኝ እንጅ።

ሰኞ ኮሎን ወረድኩ፣ ኮፍያ ደፍቼ፣
ዝናቡን ሳይሆን ሰው፣ ሰውን ፈርቼ።
ያሚሌት፣ ሚስቱ፣ ዓሣ ነው የምትሸጥ፤
ከሚዛን ፊት ቆማ፣ ቅርፊት ክንዷ ላይ ሲያብለጨልጥ
አወቀችኝ። ያበጠ ዓይን የት ይደበቃል?
“ምን ያህል?” አለችኝ። “ሁለት ኪሎ ይበቃል።”
አንድ ዓሣ ጣለች፣ ሌላ ደረበች፣
መርፌው እስኪረጋ ዝም ብላ ጠበቀች፣
ጥቂት ቢጎድለው ጭራ ቆርጣ ጨመረች።
መልሱን ቆጠረችልኝ፣ ሳንቲሙን አንድ ባንድ፤
እንዲህ ያለ ቆጠራ አላየሁም በፍርድ።

“ሩፊኖስ?” አልኳት። ቢላዋዋን ጠረገች፤
“ተኝቷል። ደም ይሸናል ከቅዳሜ” አለች።
“እኔም” አልኳት። ያኔ ቀና ብላ አየችኝ፤
አንድ ሎሚ አንስታ ከዓሣው ጨመረችልኝ።

አውቶቡስ ውስጥ ዓሣው ጭኔን አረጠበ፤
የፊት ወንበር ልጅ ዞሮ ፊቴን አነበበ፤
“አንተ ነህ?” ዝም አልኩት። “ሻምፒዮኑ አይደለህ?”
“ሰው ከሰው ይመሳሰላል” አልኩ፣ “እኔን መሰለህ።”
ሎሚው ከፌስታሉ ወጣ፣ ተንከባለለ፤
ልጁ አንስቶ ሰጠኝ፣ “ያንተ ነው” እያለ።