ወፍጮ ቤት፣ ሦስት ዱቄት

አንካራ፣ ሦስተኛ ፎቅ፤ ማሞቂያው ያስላል፣
ከመስኮቱ ማዶ በረዶ ይጥላል፤
ታይላን ስክሪን ላይ ግን ገብሱ አሽቷል፣
የኬጢያውያን ቅጥር በፀሐይ ሞቋል፤
አንበሶች በበሩ፣ ሠረገላ በሰልፍ፣
ነሐሱ ሲያብረቀርቅ ዐይን የሚገርፍ።

የእኔ ሥራ ሚዛን ነው፤ ቁጥር ከቁጥር ጋር፤
ስንት ቁና ገብስ ስንት ጭፍራ ያሳድር፣
ስንት ጭፍራ ቢዘምት ስንት አገር ቢያስገብር፣
ማንም ቶሎ እንዳይረታ፣ ማንም ቶሎ እንዳይሰበር።

የፌራይ ሥራ እውነት ነው። አጉሊ መነጽር ባንገቷ፣
የጭቃ ሰሌዳ ስታነብ ያለጊዜው የመጣ ሽበቷ፤
ጠዋት ኮቷን ሳታወልቅ ይጀምራል ሙግቷ፦

«የብረቱን ሰይፍ አውጡልኝ፤ ዘመኑ የነሐስ ነው።
ፈረሱ ቁመቱ በዛ፤ በስንዝር አሳጥረው።
ይህን ቲማቲም ደግሞ ገበያው ላይ ማነው የዘራው?»
«ተጫዋች ቲማቲም አይቆጥርም» ታይላን፣ በምሬት።
«እኔ ግን እቆጥራለሁ» ሻይዋን እያማሰለች፣ በትዕግሥት።

ቲማቲሙ ተነቀለ፤ ግመሎች ገና ሳይጫኑ
ተሸኙ፤ የመንኮራኩር ዘንጎች ከስምንት ስድስት ሆኑ።
እኔም በሆዴ፦ እውነት ማለት ይህ ከሆነ
ቀላል ነው፤ በላጲስ ያልቃል።

የካቲት ላይ ተራው የወፍጮ ቤት ሆነ።
ታይላን ክብ ድንጋይ ስሎ አህያ አዞረበት፤
እኔም ከጎኑ ጻፍኩ፦ በየተራው ሦስት ዱቄት።
ፌራይ አየችው። ቆየች። «ድንጋይ አይዞርም ነበር ያኔ።»
ምንጣፉ ላይ ተንበረከከች፤ ስቴፕለሬን ወሰደች ከጎኔ፣
ወለሉን ፈጨችው፣ መጅ እንደያዘ ሰው፣
ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ግንባሯን ላብ እስኪያርሰው።
«እንዲህ ነው» አለች። «ቀኑን ሙሉ። በጉልበት።»

ታይላን አህያውን አጥፍቶ የተንበረከከ ሰው ሳለ።
«ዐይኑን ወዴት ላድርገው? ወደ ድንጋዩ ወይስ ወደ እኛ?» አለ።

ያኔ ከቦርሳዋ አንድ ግልባጭ አወጣች።
የምርኮኛ ዝርዝር ነው። ጣቷን እያስኬደች አነበበች፦
ስም። ከስሙ ጎን፦ የሚያይ።
ስም። ከስሙ ጎን፦ የታወረ።
ስም። የታወረ። ስም። የታወረ።
«በጦር ሜዳ አይደለም፤ ከተያዙ በኋላ ነው።
የታወረ አይሸሽም ብለው ይሆናል፤
መጅ እንደሆነ የሚፈልገው እጅ ነው።»

ኩታይ፣ አለቃችን፣ ከበሩ ሰምቶ ገባ በችኮላ፤
«ልጆች ናቸው የሚጫወቱት፤ ዐይን አይጠፋም በእኔ ጨዋታ።»
«በአንድ ተራ አርባ ሺህ ሰው ይገድላሉ» አለች ፌራይ፣
«ከእራት በፊት፣ በጥሩምባ፣ በእልልታ።»
«እሱ ሌላ ነው» አለ። ምኑ ሌላ እንደሆነ ሳይነግረን ወጣ።

ሲመሽ፣ ግማሹ መብራት ሲጠፋ፣ ሌላ ቅጂ አሳየችኝ፤
ደብዳቤ ነው፣ ከሹም ለሹም፦
ከወፍጮ ቤቱ የታወሩት ሸሽተዋልና መልሳችሁ ስደዱልን።
የሸሹበት መንገድ አልተጻፈም። ስማቸውም።

እንዴት ሸሹ? ማን ማንን መራ?
ቅጥሩን በመዳፋቸው አንብበው፣
የመጁ ድምፅ ከኋላቸው ሲያንስ ርቀታቸውን ለክተው፣
ጨረቃ የሌለበትን ሌሊት፣ ጠባቂው እንደነሱ የሚሆንበትን፣
ጠብቀው?

በሚዛኔ ላይ ለዚህ የሚሆን ድንጋይ የለኝም።

ፌራይ ሄደች። ታይላን ሄደ። ማንም ሳያዘኝ ጻፍኩ፦
በበረዶው ወራት፣ በጨለማ ተራ፣ ከመቶ አንዴ፣
ወፍጮ ቤቱ ከሦስት ወደ ሁለት ይውረድ።
ምክንያቱ አይነገር።

ሰኔ ላይ ከኤስኪሼሂር ኦጉልጃን የሚባል ሞካሪ
እንዲህ ሲል ላከ፦ «ወፍጮዬ አንድ ጎደለበት።
አልተቃጠለም፤ አልተዘረፈም።
ስህተት ነው፤ ይታረም።»

ሁለቴ አነበብኩት። ፌራይ ሻይዋን ታማስላለች።
የሞካሪዎቹን ዝርዝር ከፈትኩ፣ ስሙን ፈልጌ አገኘሁት፤
ከስሙ ጎን ጻፍኩ፦
የሚያይ።