ይበልጣል

በሐይቁ ዳር መንገድ፣ ከዘንባባው ጥላ፣
ሚዛን ዘርግቶ አንድ ልጅ፣ በቆሎ እየበላ፣
«ጋሼ፣ ተመዘን፣ አምስት ብር ነው» አለኝ፤
ጫማዬን ላወልቅ ባጎነብስ፣ ሆዴ መንገድ ዘጋኝ።
መርፌዋ ተወዛውዛ፣ መቶ ስምንትን አልፋ፣
ደርቃ ቆመች፣ እንደ ሰው መሄጃው የጠፋ።

«ስምህ ማን ነው?» አልኩት፣ ቁጥሩን ላለማየት።
«ይበልጣል።»
«ከምኑ?» ደነገጥኩኝ።
«ስሜ ነው፣ ጋሼ!»
ልጁ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፤
ሆዴም አብሮን ሳቀ፣ ትንሽ ዘግየት ብሎ።

አርባ አራት ዓመቴ ነው፤ ሥራዬ መዝገብ ቤት።
ቀኑን ከፋይል ጋር፣ ከወንበር ወደ ወንበር፣
ከዚያ በባጃጅ እስከ ቤቴ በር፤
ባጃጇም ስገባ ታዘነብል ነበር።
ሰው ሲያገኘኝ ይላል፣ «ወፈርክ፣ አማረብህ!
ደመወዝ ጨመሩ? ወይስ ሚስትህ ቀለበችህ?»
ሐኪሟ ግን አንድ ቀን፣ ወረቀት ዘርግታ፣
«ስኳር ደጅህ ቆሟል» አለችኝ በጸጥታ።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ማታ ከመስታወት ጋር ጠብ፤
ያልጠራሁት ስም የለም ገላዬን ስሰድብ፦
«አንተ ከርሳም! አንተ ሰነፍ! አንተ የጤፍ ጎታ!»
ጠዋት በቁጣ ስጾም፣ በንዴት ስበላ ማታ።
ስድብ ለካ ያስርባል።
አንድ ሳምንት ሮጥኩ፣ ከኋላዬ እንዳለ ውሻ፤
በሁለተኛው ጥብስ ቤት ሆነ የሩጫው መጨረሻ።

አንድ እሑድ ግን፣ ከደንገሉ ዳር፣
ጋሽ እንድሪስን አገኘሁት ከታንኳው ጋር።
ውኃ ጠጥታ ከብዳለች፤ አብረን ጎተትናት።
«ጣላትና ሌላ ሥራ» አልኩት፣ እያለከለክሁ።
ቀና ብሎ አየኝ፣ ሆዴን ሳይሆን ዓይኔን፦
«ለምን ብዬ? ደንገል አይደለች?
ከጣና ጋር ውሎ ጣናን የማይጠጣ ማን አለ?
ከዋርካው አስደግፌ አቆማታለሁ፤
ፀሐይ አለ፣ ነፋስ አለ፣ ይደርሱላታል ቀስ እያሉ።
ከልጅነቴ ታንኳ ሠራሁ፤
በስድብ የደረቀች አላየሁም።»

መብረቅ አልወረደም። ቤቴ ገባሁ፣ እራቴን በላሁ።
ብቻ ሁለተኛውን እንጀራ፣ ሳልሳደብ፣ ወደ መሶቡ መለስኩት።
በማግስቱ ከጊዮርጊስ እስከ ዓባይ ድልድይ በእግሬ፤
ጉልበቴ ሲያጉረመርም «አይዞህ» አልኩት፣ ዝግ ብዬ፣ አፍሬ።
ይህችን ቃል ለስንቱ ለቀስተኛ በነጻ ስሰጣት ኖሬ፣
ለራሴ ስትሆን ተያያዘ ከንፈሬ።

ሻላ እንኳ፣ ያ ባለ ከረጢት፣ ከባዱ ወፍ፣
ከውኃው በአንዴ አይነሳም፤
እየረገጠ፣ እየረጨ ይንደረደራል፤
ደግሞ ማንም አይስቅበትም።

በሦስተኛው ሳምንት ግማሽ ኪሎ ጨመርኩ።
(የእህቴ ልጅ የጥሩሰው ሰርግ ነበር፤ አልዋሽም፣ ደገምኩ።)
ድሮ ቢሆን ያን ሌሊት ራሴን ስገርፍ ባደርኩ።
«ታንኳዋን ዝናብ ነክቷት ነው» አልኩ፣ «ነገ ፀሐይ ነው።»
ይበልጣልም ቁጥሬን ጻፈ፣ በደብተሩ ጀርባ፣
ከሒሳብ የቤት ሥራው አጠገብ፤
«ጋሼ» አለኝ፣ «ዛሬ ቁጥሩን አየኸው።»

የበዛዊትን ኮረብታ ገና አልጨረስኩትም፤
ግማሹ ላይ ግን አንድ ድንጋይ አለ፣ ያ የኔ ነው።
እዚያ ተቀምጬ ዓባይን ቁልቁል አየዋለሁ፤
እሱም አይቸኩልም፣ ያ ሁሉ አገር እየቀረው።

ትናንት ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። ዘጠና ዘጠኝ ተኩል።
«ቀነሰ!» ብሎ ጮኸ ልጁ፣ መንገደኛው ሁሉ ዞረ።
ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አሰርኩ፣ ሆዴ ፈቀቅ ብሎልኝ፤
ጥቂት ሄጄ ጠራሁት፦
«ይበልጣል!»
«አቤት፣ ጋሼ!»
«ምንም። ስምህን ልጥራው ብዬ ነው።»