አሥራ ስድስት ሜጋ

አውቶቡስ ሳጥብ አድሬ ስገባ፣ ኤድመንተን ገና ሳይነጋ፣
ትርሲት ነቅታ ጠበቀችኝ፣ ስልኳን ታቅፋ ካልጋ።
"ለምን አይሄድም?" አለች በእጇ፣ ቅንድቧን ሰብስባ፤
(ቅንድብም ሰዋስው መሆኑ፣ ለኔ ዘግይቶ የገባ።)

ለኦዴት ነው መልእክቱ፣ ሃሊፋክስ ለሄደችው፣
ክፍል ውስጥ ከጎኗ ተነሥታ፣ ወንበሩን ባዶ ለተወችው።
ሦስት ደቂቃ የእጅ ወሬ፤ ክብደቱ ጊጋ ተኩል፤
በሩ ግን "አሥራ ስድስት ሜጋ፤ ከዚያ በላይ አልችል።"

ቀላል መሰለኝ። ሻንጣ መቀነስ፣ ኤርፖርት ሚዛን ፊት ተንበርክኮ፣
ጫማ አውጥቶ፣ ሹራብ ደርቦ፣ የቀረውን ጠቅልሎ ልኮ።
በሰከንድ ስድሳ ምስል አለው፤ "ስድሳ ምን ያደርጋል?" አልኩ፤
ከየአምስቱ አንዱን አስቀርቼ፣ አራት አራቱን ጣልኩ።
ሄደ።
እኔም ተኛሁ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ።

ሃሊፋክስ ቀድሞ ይነጋል፤ ስነቃ መልሱ ደርሷል፤
"ጣትሽ የት ሄደ?" ትላለች ኦዴት፤ "ቃልሽ ይዘላል፤ ግማሹ ፈስሷል።"
"አምስት ጣት እኩል አይደለም" ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት፤
በአንድ የአውራ ጣት ንክኪ፣ አምስቱን አንድ ላይ አቀለጥኩት።

ትርሲት አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።
ቋንቋዋን ለማያውቅ እንግዳ እንደምታደርገው፣
በወረቀት ጽፋ አሳየችኝ፦
"ሌላ ጊዜ ጠይቀኝ።"

ሃርጂት፣ የልጁን ሆኪ ቀርጾ ህንድ ድረስ የሚልከው፣
በሻይ ሰዓት፣ አውቶቡስ ደረጃ ላይ፣ ተቀብሎ ሲመለከተው፣
ልጅቷን አይደለም ያየው፤ ከጀርባዋ ያለውን መስኮት፤
መስኮቱ ሙሉ በረዶ ነው፣ የሚወርድ ያለ ዕረፍት።
"ማሽኑ" አለኝ፣ "የቆመውን አንዴ ጽፎ ይተወዋል፤
የሚንቀሳቀስ ካየ ግን፣ በየምስሉ ይጽፈዋል።
እያንዳንዷን የበረዶ ቅንጣት 'ይቺስ? ይቺስ?' ብሎ ሲያበቃ፣
ለልጅህ ጣት የሚተርፈው፣ ኪሱ ውስጥ የለም፤ በቃ።"

እሱ ወደ ሥራው ገባ። እኔ ደረጃው ላይ ቀረሁ።
ሰባት ዓመት ሐኪም ቤት፣ ጸበል፣ የጆሮ ማሽን፣ የዘመድ ምክር፣
"ትናገር ይሆን?" እያልኩ፣ እያንዳንዷን ቅንጣት ስቆጥር፣
እሷ እኮ ትናገር ነበር።

ቅዳሜ መጋረጃ ዘጋን፤ ግራጫ ብርድ ልብስ ሰቀልን፤
አበባማ ሹራቧን ለውጣ፣ ጥቁር ለብሳ ቆመች።
ስፋቱን ቀነስን፣ ጥራቱን ቀነስን፤ ምስሎቹን ግን አንነካም አልን።
አሥራ ስምንት ተኩል።
"ድምፁን አውጣው" አለች። "ሦስት ሜጋ ሊሞላ ነው። ለማን ብሎ?"
እውነቷን ነው። ለእሷም ለኦዴትም፣ ባዶ ሻንጣ ነው ተቆልፎ።

ግን ከመቁረጤ በፊት ሰማሁት፦
የማሞቂያው ትንፋሽ፣ የፍሪጁ ማጉረምረም፣
እጅጌ ከእጅጌ ሲፋተግ፣ መዳፏ መዳፏን ሲስም፤
ከዚያ፣ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ፣ ሳቀች፦
ረጅም፣ ሻካራ፣ እንደ ድንጋይ ቁልቁለት የሚንከባለል፤
ሳቅ እንዲህ ነው ብሎ ያሰማት የለም።
ከማንም ያልቀዳችውን ሳቅ፣ እኔ ቀዳሁት ለራሴ፤
ከቪዲዮው ቆርጬ አወጣሁት፤ አለ፣ ሸሽጌው በኪሴ።

አሥራ አምስት ነጥብ ስድስት። በሩ ተከፈተ።
የኦዴት መልስ ፈጣን ነው፤ ከግማሹ በላይ አመለጠኝ፤
አንዷን ምልክት ግን ያዝኳት፦ "ገባኝ" ትላለች፣ "ገባኝ።"

ሌሊት፣ የአውቶቡስ ወለል ስጠርግ፣ በአንድ ጆሮዬ ያን ሳቅ እሰማለሁ፤
ስልኬ "ማከማቻው ሞልቷል" ይለኛል፤ ምን ላጥፋ ብዬ አያለሁ፤
የመጀመሪያው፣ ጊጋ ተኩሉ፣ ከነመስኮቱ፣ ከነአበባው ሹራብ፣ ከነበረዶው
እዚያው አለ።
"ነገ" እላለሁ።