ባለ ሰማንያው

ሬሖቮት፣ የተቋሙ ምድር ቤት፤ ጥር ነው፣
ላይ ዝናቡ የብርቱካኑን ዛፍ ይገርፋል፣
እታች እኔ ሣጥን እሸከማለሁ።
«በሳምንት ባዶ ይሁን» ብሎኛል አለቃዬ፣
«ወረቀት ነው፤ በኪሎ ይሸጣል።»

አንዱን ከፈትኩ።
ቀጭን፣ ደረቅ፣ መዳፍ የሚሞላ ካርድ፣
ማዕዘኑ እንደ በግ ጆሮ ለምልክት የተቆረጠ፣
ላዩ ላይ ቀዳዳ፣ ቀዳዳ ብቻ።
ብል የበላው መስሎኝ ነበር።
ሁለተኛውን አየሁ፣ ሦስተኛውን፤
ብል እንዲህ ተሰልፎ አይበላም።

ገኒያ ማክሰኞ መጣች፣ ምርኩዟን አስቀድማ፤
ማሽኑ አንድ ክፍል በሚሞላበት ዘመን
እዚሁ ፎቅ ላይ ካርድ ስትበሳ የኖረች።
«አንድ ሣጥን ስጠኝ» አለች።
የትኛውን? ብላት፣
«የፈለግኸውን፤ ስህተቴ ከሁሉም አይጠፋም።»

ከላይ አንዱን አንሥታ ወደ አምፖሉ አስጠጋችው፤
ብርሃኑ በቀዳዳው ሾልኮ
ፊቷ ላይ እንደ ኩፍኝ ፈሰሰ።
«ሰማንያ ዓምድ፣ ዐሥራ ሁለት ረድፍ።
ይኸ ዝናብ ነው፤ ቤር ሼቫ፣ የካቲት፣ አራት ሚሊ ሜትር።»
ሳቅሁ። በእኛ ዘንድ ሰማንያ የጋብቻ ውል ነው አልኳት፤
«ይኸም ያው ነው» አለች፣
«አንዴ ከበሳህ መድፈኛ የለውም።
ካርዱን ትጥላለህ፣ እንደ አዲስ ትጀምራለህ።»

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ለእኔ ሳይሆን ለሣጥኑ፦
«በተወለድኩበት ከተማ
መጀመሪያ ቆጣሪ መጣ፣ እርሳሱን የቀረጸ፣ ትሑት ሰው፤
እናቴ ወንበር ሰጠችው።
ስንት ልጅ? ምን ሃይማኖት? አያትሽስ?
ባቡሩ ከቆጠራው በኋላ ነው የመጣው።
እዚህ ዝናብ ስቆጥር ደስ ይለኝ ነበር፤
ዝናብን ማንም መጥቶ አይወስደው።»

ካርዱን ከእጇ ተቀብዬ በደረት ኪሴ ይዤ ገባሁ ከቤቴ፣
ሦስተኛ ፎቅ፣ በረንዳ ላይ፣ ጀምበሩ አባቴ፣
ከወለቃ የመጣ፣ ሸማኔ የነበረ፣
እግሩን ጉድጓድ ሰዶ ሠላሳ ዓመት የኖረ፣
በጣቱ ድር ያነሣ፣ ማግ የወረወረ።
እዚህ ስንገባ ጸሐፊዋ ጠየቀች፣ አስተርጓሚው አዛጋ፤
ለሙያ በተተወው ስፍራ «የለውም» ተብሎ ተጻፈ።
ልደቱንም ጃንዋሪ አንድ አሉት፤
ከነጎረቤቶቹ በአንድ ጀንበር ተወለደ።

ዐይኑ ደክሟል። ካርዱን በጣቱ ዳሰሰው፣
ቀዳዳ ሲያገኝ ቆም፣ ሲያጣ አለፍ፤
ቀኝ እግሩ ሸክላው ወለል ላይ መርገጫ ፈለገ።
«ማነው ይኸን ጥለት የሠራው?»
ጥለት አይደለም አባ፣ የዝናብ ልክ ነው፤
ማሽን ነው የሚያነበው።
«ሞኝ! ቀዳዳው ድሩን አንሣ ነው፣
ድፍኑ ተወው ነው።
ማግህን ታሳልፋለህ፣ ቀጣዩን ትጠብቃለህ።»
ደግሞ ዳሰሰና፦
«እዚህ ጋ ግን ሴትዮዋ አንድ ድር ዘላለች።»

በማግስቱ ለገኒያ ነገርኳት፤ አልሳቀችም።
«ከእኛ በፊት በፈረንሳይ
የሐር ሸማኔዎች ካርድ በገመድ አያይዘው
ክራቸውን በቀዳዳ ያዝዙት ነበር፤
ሰው መቁጠር ኋላ የመጣ ነው፣
በፊት አበባ ነበር የሚወጣበት።»
ከዚያ መነጽሯን አጥልቃ፣ አባቴ ጥፍሩን ያሳረፈበትን ዓምድ
ወደ አምፖሉ አስጠጋች። ብዙ ቆየች።
«አንድ ረድፍ ስቻለሁ» አለች፤
«ቤር ሼቫ ላይ ያልዘነበ ዝናብ
ይኸው ሃምሳ ዓመት ይቆጠራል።»

ሐሙስ ሣጥኖቹ ተሸጡ፤
ዋጋቸው ለሁለት ሰው ምሳ አልሞላም።
ማታ ስለ ገኒያ ስህተት ስነግረው
አባቴ ትከሻውን ሰበቀ፦
«ምን ያስጨንቃታል? ተርትሮ መሥራት ነው።»
ይኸን ሲል እግሩ ይረግጣል፣
ከሥሩ ሁለት ፎቅ እንጂ
ጉድጓድ የለም።